አሥራ አንድ ጊዜ ምናልባት

የዶክትሬት ጥናቷን ፈታኞች ፊት ለምትከላከልበት ለዲፌንሷ ዘጠኝ ቀን ሲቀር የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አንዲት ወረቀት ይዛ መጣችና፣ ዓይኗን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች አራሚዋ እጅ ላይ አኖረቻት። ወረቀቷ ላይ ከጥናቱ ርዕስ በታች አንድ ቁጥር ጉብ ብሏል፤ ዘጠና አራት በመቶ። ከቁጥሩ ሥር «ጽሑፉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ነው» የሚል መስመር አለ።

«ምን ማለት ነው ይሄ?» አለች አራሚዋ፣ ምን ማለት እንደሆነ ልቅም አድርጋ እያወቀች።

«እኔ ምኑን አውቄው እቴ! ኃላፊው ይጠብቁሻል፤ ግቢ» አለች ጸሐፊዋ።

አራሚዋ የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ከዚህ ዕድሜዋ ሃያ ሁለቱን ዓመት የበላው ማተሚያ ቤት ነው፤ እዚያ ተቀምጣ የሌላ ሰው ጽሑፍ ስታርም፣ የተንዛዛውን ስትቆርጥ፣ የተደጋገመውን ስታወጣ ኖራለች። የሥራ ባልደረቦቿ «መቀስ» ይሏታል። ባለ ሦስት መስመር ዐረፍተ ነገር እጇ ከገባ በአንድ መስመር ተኩል ካልወጣ ምሳዋ አይወርድላትም። በአርባ አምስት ዓመቷ ግን የሰው ማረም በቃኝ ብላ ዶክትሬት ልማር ተነሣች። የጥናቷ ርዕስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሰው የጻፈው ምሁራዊ ጽሑፍና ማሽን የጻፈው በአወቃቀራቸው ምን ያለያያቸዋል የሚል ነው! ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ጉዳይ ስትቃጠል የከረመች ሴት፣ ጥናቷን ማሽን ጻፈላት ተባለ። እንዲህ ያለውን ነገር ፈጥሬ ባወራ ማን ያምነኛል?

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ናቸው። ተማሪዎች በሌሉበት «ቀይ ብዕር» ይሏቸዋል፤ የደረሳቸውን ጽሑፍ ሁሉ፣ የግብዣ ካርድም ቢሆን፣ በቀይ ካላረሙ እጃቸውን ስለሚበላቸው ነው። ቢሯቸው ስትገባ ቀና ሳይሉ ወንበሩን በብዕራቸው አመለከቷት።

«አይተሽዋል?»

«አይቻለሁ ፕሮፌሰር። ውሸት ነው።»

«የማሽን ጽሑፍ የሚለየው ፕሮግራም አይዋሽም፤ ዋሽቶ የሚያገኘው ጥቅም የለማ» አሉ። «ከሃምሳ በመቶ ያለፈ ጽሑፍ ለኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው ካመነበት ጥናቱ ይሰረዛል፣ ተማሪውም ይሰናበታል። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት ብቻ ስምንት ተማሪ በዚሁ ደንብ ተሸኝቷል። ሌላም የምታውቀው ነገር አለ፤ ፕሮግራሙ የተገዛው በእኚሁ ሰውዬ አሳሳቢነት ነው። ከዐሥር ዓመት በፊት በጻፉት መጽሐፍ ላይ፣ የዐረፍተ ነገሮቹ ርዝመት የተመጣጠነና ማያያዣ ቃላቱ የተስተካከሉ ጽሑፍ የማሽን ነው ብለዋል፤ ፕሮግራሙም የሚለካው ይህንኑ ነው። የእሷ ጥናት አምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ፣ በትህትናም ቢሆን፣ ይህ መለኪያ አያስኬድም ይላል።

«ፕሮፌሰር፣ እኔ ዕድሜ ልኬን አራሚ ነኝ። ዐረፍተ ነገሬ የተስተካከለው ለዚህ ነው።»

«እንዲህ የሚሉ ብዙ ናቸው» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ወረቀቷን አጥፋ ወጣች። አማካሪዋ ኮሪደሩ ላይ አገኛት። አማካሪዋ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን የበላይ ሲመጣ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ዓይነት ነው። ግራ ቀኙን ገልመጥ አድርጎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«ለምን አታስደፈርሺውም?»

«ምኑን?»

«ጥናቱን! ከበሩ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ሂጂ። ሁሉም እዚያ ነው የሚሄደው። እኔ ነገርኩሽ እንዳትዪ ብቻ።»

ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ከመጣ ወዲህ በዚያ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዲስ ሙያ ተፈጥሯል። ተማሪው ለፍቶ፣ አርሞ፣ አስተካክሎ የጨረሰውን ጽሑፍ ይዞ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ሰውዬ ጽሑፉን ተቀብሎ ያበላሽለታል። አንዱን ዐረፍተ ነገር ያንዛዛል፣ አንዱን ይጎምዳል፣ ነጥብ ከቦታው ያፈናቅላል፣ ቁጥሩ ከሃምሳ በታች እስኪወርድ ድረስ ያደፈርሰዋል። ከዚያ ተማሪው የተበላሸውን ጽሑፍ አስገብቶ፣ ሰው መሆኑ ተመስክሮለት፣ ይመረቃል። ጉድ ነው መቼም!

አራሚዋ ሄደች። አልሄድም ብትል ደስ ባለኝ፤ ግን ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም፣ ሄደች። አደፍራሹ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ማሽን ደርድሮ፣ ወረቀት በክምር በክምር አድርጎ፣ እንደ ሐኪም ተራ ያስጠብቃል። ፋይሏን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አየውና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ውይ እናቴ፣ ይሄ በጣም ንጹሕ ነው። ብዙ ሥራ አለበት።»

«እስቲ አንድ ገጽ አሳየኝ።»

ከሦስተኛው ምዕራፍ አንድ ገጽ መረጠ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጡ አንዱ ዐረፍተ ነገር ለሁለት ተሰበረ፣ ሌላው ውስጥ ምንም የማይል «በመሆኑም ግን ደግሞ» ተሸጎጠ፣ ሦስተኛው ላይ «ውጤት» የነበረው «ውጤጥ» ሆነ። አራሚዋ ያንን ገጽ አሥራ አራት ጊዜ ነው የጻፈችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ጽሑፍ ላይ ስትለቅም የኖረችው ስህተት ሁሉ ተሰብስቦ የገዛ ገጿ ላይ ሲረጭ ማየት አልቻለችም።

«ተው! ተው፣ አቁም!»

«ገና መጀመሬ እኮ ነው፤ ወደ ሰማንያ ወርዷል» አለ አደፍራሹ ተገርሞ።

«መልስልኝ። እንደነበረ መልስልኝ።»

ፋይሏን ተቀብላ ወጣች። ከዚያ በቀጥታ ወደ እህቷ ሄደች፤ ሰው ሲጨንቀው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ እሷ ደግሞ ከእህቷ ልብስ መስፊያ ቤት የተሻለ ቤት የላትም። ታላቅ እህቷ ናት ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፤ «እታለም» ትላታለች። እታለም የሰው ኮት ዘቅዝቃ ስፌት እየተረተረች ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማችና መርፌዋን ሰካች።

«ቆይ፣ ይሄ ጠንቋይ...»

«ፕሮግራም ነው እታለም።»

«እሱው ነው። ጠንቋዩ አንቺ እንዳልጻፍሽው በምን አወቀ?»

«ዐረፍተ ነገሮቹ እኩል እኩል ሆኑበት።»

«እና ስፌቴ ቀጥ ስላለ መኪናው ብቻውን ሰፋው ማለት ነው?» አለች እታለም፣ ዓይኗ ፈጦ። «አንቺስ? አንቺ ስድስት ዓመት ሙሉ የማሽንና የሰው ጽሑፍ እለያለሁ ስትይ አልነበር? ትለያለሽ ወይስ አትለዪም?»

«እለያለሁ።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? ሄደሽ ፊታቸው ለዪ!»

አንዳንድ ምክር ተራ ስለሆነ ብቻ ማንም ሳያስበው ያልፋል። አራሚዋ እዚያው ቆማ ሳቋ መጣ፤ ወረቀቷን ካየች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው።

በማግስቱ ቀይ ብዕር ቢሮ ገብታ፣ ሳትቀመጥ፣ የምትፈልገውን ተናገረች። በዲፌንሷ ዕለት፣ በፈታኞቹና በታዳሚው ፊት፣ ኃላፊው ራሳቸው የመረጧቸው አሥር ጽሑፎች ይምጡላት፤ የሰው የትኛው፣ የማሽን የትኛው እንደሆነ ትለያለች። ፕሮግራሙም እነዚያኑ አሥሩን ይለይ። ፕሮግራሙ ከበለጣት እሷው ራሷ ጥናቷን አንሥታ ትሄዳለች። ከበለጠችው ግን ጥናቷ እንደማንኛውም ጥናት ይታይላት።

ቀይ ብዕር ለመጀመሪያ ጊዜ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «በፈቃድሽ ገደል ልግባ እያልሽ ነው?»

«አዎ ፕሮፌሰር። በጽሑፍ ያድርጉልኝ።»

አማካሪዋ ይህን ሲሰማ ራሱን ይዞ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

የዲፌንሱ ጠዋት አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወሬ መቼም እግር አለው፤ ከሌላ ትምህርት ክፍል ሳይቀር የመጣ አለ። እታለም የክት ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሁለተኛው ረድፍ መሐል ላይ ጉብ ብላለች። ከመድረኩ ፊት ለፊት ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ቀይ ብዕር፣ አማካሪዋ፣ እና ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙት የውጭ ፈታኝ። ፈታኟ ሽበታቸውን ወደ ኋላ የጠቀለሉ፣ ትንሽ ሲናገሩ ብዙ የሚሰማላቸው ሴት ናቸው።

ቀይ ብዕር ተነሡና አሥሩን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። እያንዳንዱ አምስት አምስት ገጽ ነው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ፊደል ተተይቧል። «አምስቱን ከመዝገብ ቤት ያወጣኋቸው ናቸው፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በጽሕፈት መኪና የተጻፉ፣ ማሽኑ ገና ሳይታሰብ። አምስቱን ራሴ ማሽኑን አዝዤ አጽፌያቸዋለሁ» አሉ። መልሱን በታሸገ ፖስታ ለፈታኟ ሰጡ። አንድ ሰዓት ተፈቀደላት።

አራሚዋ እርሳሷን ይዛ ተቀመጠች። የሚያያት ሰው ታነባለች አይልም፤ ገጹን ከሩቅ አድርጋ ታያለች፣ አንቀጾቹን በጣቷ ትለካለች፣ አንዳንድ ቦታ ጠርዙ ላይ ጭረት ታደርጋለች፣ ትመለሳለች። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ ታገላብጥ ነበር። ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ግን ፍርሃቱ ለቀቃት። ሥራዋ ነው፤ ሥራው እጁ ውስጥ ያለ ሰው ለረጅም ጊዜ መፍራት አይችልም።

ሰዓቱ ሲሞላ ቆመች።

«ሦስቱ የማሽን ናቸው» አለች። «ሰባቱ የሰው ናቸው።»

አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ሆነ። አምስት አምስት ተብሏል እኮ! አማካሪዋ ዓይኑን ጨፈነ። ቀይ ብዕር ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው የቸኮለ ነበር። ፈታኟ መጀመሪያ የፕሮግራሙን ውጤት አነበቡ። ሰባት ማሽን፣ ሦስት ሰው። የእሷ ግልባጭ ማለት ነው። ከዚያ ፖስታውን ቀደዱ።

ፕሮግራሙ አምስቱን የማሽን ጽሑፎች አንድም ሳይስት አግኝቷቸዋል፤ ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት በጽሕፈት መኪና የተጻፉትን ሁለት ጥናቶችም የማሽን ናቸው ብሏል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሷ ደግሞ ከመዝገብ ቤት የወጡትን አምስቱንም አግኝታቸዋለች፤ ማሽኑ ከጻፋቸው ውስጥ ግን ሁለቱን የሰው ናቸው ብላለች።

«ስምንት ለስምንት» አሉ ፈታኟ መነጽራቸውን አውልቀው።

«ስለዚህ አልበለጠችም» አሉ ቀይ ብዕር። «የገባችው ቃል ግልጽ ነው፤ እበልጣለሁ ብላለች፣ አልበለጠችም።»

የአራሚዋ ስድስት ዓመት አፋፍ ላይ ቆመ። ከሁለተኛው ረድፍ የእታለም ድምፅ መጣ፤ «ምን አይተሽ ነው የሰው ያልሽው? ንገሪያቸዋ!»

«ጸጥታ» አሉ ቀይ ብዕር።

«ጥያቄው ግን ጥሩ ነው» አሉ ፈታኟ። «ንገሪን።»

አራሚዋ ሁለቱን ጽሑፎች አነሣች። «ማሽን ሲጽፍ ክብደቱን ለሁሉም ቦታ እኩል ያድላል» አለች፤ ድምፅዋ እየጠራ ሄደ። «መግቢያው፣ መሐሉ፣ መደምደሚያው፣ ሁሉም የድርሻውን ያገኛል። ሲጠራጠርም ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ይጠራጠራል። ሰው እንደዚያ አይችልም። ሰው የለፋበት ቦታ ሲደርስ ያረዝማል፣ አልላቀቅ ይላል። የፈራበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ምናልባት፣ ሊሆን ይችላል፣ ይመስላል እያለ ይደበቃል። ዐረፍተ ነገሩ የቱንም ያህል የተስተካከለ ቢሆን ይህን መደበቅ አይችልም። ካጠናኋቸው ጽሑፎች ጸሐፊዎች ስልሳውን ፈልጌ አግኝቼ፣ የትኛው ገጽ ነው ያቃጠላችሁ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። የጠቆሙኝ ገጽ እኔ ለክቼ ካገኘሁት ገጽ ጋር ከስልሳው በሃምሳ አራቱ ገጠመ።»

ከዚያ አንዱን ጽሑፍ ገልጣ ወደ ፈታኟ አዞረችው። «ይሄ ስለ ቤተ መጻሕፍት አመዘጋገብ ነው። አምስት ገጽ ነው አይደል? ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ጸሐፊው አሮጌ መዝገቦችን ስለ መጣል ያነሣና ይቆማል። ገጽ ተኩል ሙሉ እዚያው ነው። ጉዳዩ ይህን ያህል ቦታ አይገባውም፤ አራሚው እኔ ብሆን እቆርጠው ነበር። ግን ይህን የጻፈ ሰው መዝገብ ሲጣልበት አይቷል። ተከራክሮ ተሸንፏል። ማሽን መሠረቱን አልጣለም አልልም፤ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ግን ሰው ነው። ሌላውም እንደዚሁ። አንድ ሰው ነው የነካቸው፤ ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ቀይ ብዕር ጽሑፉን ከፈታኟ እጅ ተቀብለው ገጽ ተኩሏን አዩ። ጆሯቸው ቀላ። ማንም የሚያውቅ አልነበረም፤ እዚህ ላይ ዝም ቢሉ ነገሩ አልቋል፣ አራሚዋም ሻንጣዋን ትሸክማለች። ስለ ሰውዬው ብዙ ክፉ ነገር ልናገር እችላለሁ፣ ጊዜም ቦታም ቢኖረኝ እናገር ነበር። ያን ዕለት ግን ያደረጉትን መካድ ነውር ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምን አሉ?» አለ አማካሪዋ፣ ሳያስበው።

«እኔ ነኝ አልኩ! ማሽኑ የሰጠኝን ሳነበው... ስለ መዝገብ አጣጣል የሆነ ዝም ብሎ ለስላሳ ነገር ጽፏል። እኔ በዚያ ጉዳይ ስምንት ዓመት ታግያለሁ፤ መዝገቦቹ በጭነት መኪና ሲሄዱ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። አንድ መስመር ላርም ብዬ ብዕር አነሣሁ።» ጽሑፉን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። «ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጬ ሁለቱን አረምኳቸው። ሌሎቹ ሦስቱ የማያገባኝ ነገር ስለነበሩ ተውኳቸው።»

«ከማሽኑ ምን ቀረ?» ጠየቁ ፈታኟ።

ቀይ ብዕር ገጹን ገለበጡ። «ርዕሱ። የመጀመሪያው አንቀጽም ግማሽ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ብቻ አዳራሹ ሁሉ ተከተለ። የቀይ ብዕርን እጅ የማያውቅ አንድ ተማሪ እዚያ አልነበረማ! ሁሉም አንድ ቀን ወረቀቱን በቀይ ተጥለቅልቆ ተቀብሏል። ፈታኟም ሳቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው በመሐረብ አፋቸውን ያዙ። የማታ ማታ ሰውዬው ራሳቸው ሳቁ።

«እንግዲህ» አሉ ፈታኟ ሲረጋጉ፣ «ፕሮግራሙ ስድስት ከአሥር። ተማሪዋ አሥር ከአሥር።»

ጭብጨባው ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። እታለም ቆማ ታጨበጭብ ነበር፤ ቦርሳዋ መሬት ወድቆ ክሩ፣ ሜትሩ፣ መርፌ መሰኪያው ተበትኗል፣ ግድም አልሰጣት። አራሚዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ይህን ደስታ ልደብቅ ብትልም የሚደበቅ አልነበረም።

ፈታኟ ግን እጃቸውን አነሡ። «ገና አልጨረስንም። ይህ የሚያሳየው መለየት መቻልሽን ነው። የራስሽን ጥናት አንቺ ለመጻፍሽ ማረጋገጫ አይደለም። እስቲ መለኪያሽን በራስሽ ላይ አውይው። የለፋሽበት የት ነው?»

«ሦስተኛው ምዕራፍ» አለች ሳታመነታ። «ጸሐፊዎቹን ፍለጋ የዞርኩበት። አንዱን ያገኘሁት ጥርስ ሐኪም ቤት ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ነው። አንዷ ሦስት ጊዜ በሩን ዘግታብኝ በአራተኛው ሻይ አፈላችልኝ። ሌሎቹ ምዕራፎች ከሃያ ገጽ አያልፉም፤ ይሄ አርባ አንድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስቆርጥ ኖሬ ይህን መቁረጥ አልቻልኩም። አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

«የፈራሽበትስ?»

እዚህ ላይ የአራሚዋ ዓይን ሳታውቀው ወደ ቀይ ብዕር ሄደ። ከዚያ ጥናቷን ገለጠች።

«ከገጽ መቶ አሥራ ሁለት እስከ መቶ አሥራ ዘጠኝ» አለች። «በጠቅላላው ጥናቴ ውስጥ ‹ምናልባት› የሚለው ቃል አሥራ ሦስት ጊዜ ይገኛል። አሥራ አንዱ እዚህ ስምንት ገጾች ውስጥ ናቸው። እነዚህ ገጾች የፕሮፌሰርን መጽሐፍ የምተችባቸው ናቸው። ፈርቻለሁ። እሳቸውን ፈርቼ ነው እንደዚያ የጻፍኩት። ማሽን ቢጽፈው ኖሮ ማንን ብሎ ይፈራል?»

ፈታኟ ገጾቹን አንድ በአንድ አዩ፤ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ጥናቱን ወደ ቀይ ብዕር ገፉት። ሰውዬው ረጅም ጊዜ አነበቡ። እነዚያን ገጾች ከዚያ በፊት አንብበዋቸው እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ ቁጥሩን አይተው ነበር፣ ቁጥር ያየ ሰው ደግሞ ማንበቡን ይተዋል።

ሦስቱ ፈታኞች ለመመካከር ወጡ። አሥር ደቂቃ አልሞላቸውም። ሲመለሱ ሰው ሁሉ ቆመ፤ ፈታኟም ቆመው አነበቡ። ክሱ ተነሥቷል። ጥናቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ባለፈው ዓመት በፕሮግራሙ ብቻ የተሰናበቱት የስምንቱ ተማሪዎች ጉዳይ በሰው ዓይን እንደገና እንዲታይ ፈታኞቹ ጠይቀዋል።

«አንድ እርማት ብቻ አለ» አሉ ፈታኟ። «ከገጽ መቶ አሥራ ሁለት እስከ መቶ አሥራ ዘጠኝ ያሉት ‹ምናልባቶች› ይውጡ። ማስረጃሽ ከፍርሃትሽ ይበልጣል።»

«አሁኑኑ ላውጣቸው?» አለች አራሚዋ።

«አሁኑኑ!» አለች እታለም ከሁለተኛው ረድፍ፤ ማንም ጸጥታ አላላትም።

አራሚዋ እርሳሷን አንሥታ ገጹን ገለጠችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። አንድ ምናልባት በደረሰች ቁጥር ትሰርዛለች፣ ዐረፍተ ነገሩንም ያለ እሱ ትደግመዋለች። የተስተካከለ ዐረፍተ ነገር የማሽን ምልክት ነው የሚለው መለኪያ ምናልባት ስህተት ሊሆን ይችላል ይል የነበረው፣ መለኪያው ስህተት ነው አለ። ብዙ ንጹሐንን ምናልባት ሳይጎዳ አልቀረም ይል የነበረው፣ ንጹሐንን ጎድቷል አለ። አዳራሹ መቁጠር ጀመረ። አራት። አምስት። ስምንት ሲሞላ አማካሪዋ ሳይቀር ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጠረጴዛውን በመዳፉ እየመታ፣ ከሁሉ አብልጦ ይጮህ ነበር።

«ይህ ሁሉ ከወጣ እኮ ፕሮግራሙ ዘጠና ስምንት በመቶ ይላታል» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ይበል» አሉ ቀይ ብዕር።

አሥራ አንደኛው ተሰረዘ። አራሚዋ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ያለ አንዳች መደበቂያ አነበበችው፤ ዓይኗን ከሰውዬው ሳትነቅል። ከዚያ ጥናቱን ዘግታ እርሳሷን አስቀመጠች። ቀይ ብዕር ተነሡ። ጠረጴዛውን ዞረው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ፊቷ መጥተው ቆሙ፤ እጃቸውንም ዘረጉላት።

«መጽሐፌን እንደገና ላሳትመው ነው» አሉ። «ስህተቱ መታረም አለበት። ለዚህ የሚሆን አራሚ ስፈልግ ነበር። ፈቃድዎ ከሆነ፣ ዶክተር፣ እርስዎ ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል።»